ዳይፐር፣ ኮንዶም ካቴተር ወይስ የፕላስቲክ መቀበያ? ለአባባ ስገዛ ያየሁት ሁሉ

ባለፉት ሦስት ወራት ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት፤ አባቷ ከስትሮክ በኋላ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ተኝተዋል። አንዱ የዕድራችን ሰው ነው። አንዱን ጭራሽ አላውቀውም፣ ስልኬን ከእህቴ ተቀብሎ ነው የደወለው። ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። "ለሽንቱ ነገር እናንተ ምን ገዛችሁ?" ይላሉ። እኔም ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ደቂቃ አወራለሁ። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ።

መልሴን አላቆይም። ሰውየው ወንድ ከሆነና ሽንቱ አላደርስ ካለው፣ በልኩ የተገዛ ኮንዶም ካቴተር ከአዋቂ ዳይፐር ይሻላል። ኮንዶም ካቴተር እንደ ኮንዶም ብልት ላይ የሚጠልቅ፣ ሽንቱን በቱቦ ወደ ከረጢት የሚያወርድ ዕቃ ነው። በዋጋ ይሻላል፣ ለቆዳ ይሻላል፣ ለሰውየው ክብር ይሻላል። "በልኩ የተገዛ" ያልኳትን ያዙልኝ። የእኔ ገንዘብ የባከነው እሷን ባለማወቄ ነው።

አባባ 74 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጅና ቀኝ እግራቸው ደከመ። አእምሯቸው ሙሉ ነው። ሽንት ሲመጣ ይታወቃቸዋል። ግን ከአልጋ ተነስተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሽንት ቤት እስኪደርሱ አይጠብቃቸውም። የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ ነው። ሥላሴ ካቴድራል ቅርባችን ነው፤ አባባ በጤናቸው ጊዜ የእሁድ ቅዳሴ ቀርቶባቸው አያውቅም። ከታመሙ በኋላ ግን አንድ ነገር ጀመሩ። ከቅዳሜ ከሰዓት ጀምሮ ውሃ አይጠጡም።

እኛ አላወቅንም። "አልጠማኝም" ሲሉ እናምናቸዋለን። አንድ እሁድ ጠዋት ሽንታቸውን ልደፋ ስሄድ የጠቆረ ሻይ መስሏል። በዚያው ሳምንት ትኩሳት ያዛቸው። ሐኪሙ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው ብሎ መድኃኒት አዘዘ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ "ውሃ የሚሸሹት ሽንቱን ፈርተው ነው። መጀመሪያ እሱን አቅልሉላቸው" አለኝ። ዕቃ ፍለጋ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ሳልዘለው። ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሰውየውን ሐኪም ይያቸው። ሽንት አላደርስ የሚለው በኢንፌክሽን፣ በስኳር፣ በፕሮስቴት ወይም በሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ፊኛው ሞልቶ አልወጣ ላለው ሰው ደግሞ እዚህ የማወራው ዕቃ አንዱም አይሠራም። ያ የሐኪም ሥራ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባውን ካቴተርም እዚህ አላነጻጽረውም፤ እሱን ወስኖ የሚያስገባው ሐኪም ነው፣ በቆየ ቁጥርም የኢንፌክሽን አደጋው ይጨምራል።

የመጀመሪያው ኪሳራ

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዳይፐር ነው። እኔም እንደዚያው። ፋርማሲ ጠየቅሁ፣ 10 ፍሬ የያዘ እሽግ 1,150 ብር አሉኝ። አንዱ 115 ብር ማለት ነው። በቀን 4 ቢያስፈልግ ብዬ ሳባዛው በወር 13,800 ብር መጣ። ደነገጥኩ። አንድ የሰፈራችን ልጅ "መርካቶ በፍሬ ይሸጣል፣ ግማሽ ዋጋ ነው" አለኝ። ሄድኩ። በግልጽ ፌስታል ውስጥ የተደረደረ፣ እሽግ የሌለው፣ ስም የሌለው ዳይፐር። አንዱ 60 ብር። ሻጩ "ያው ራሱ ነው፣ ካርቶኑ ተቀዶ ነው" አለኝ። 40 ፍሬ በ2,400 ብር ገዛሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት አንሶላው ራሰ። በሁለተኛው ፍራሹ። ማጣበቂያው ሰውነት ሲሞቅ ይለቃል። በቀን 4 የነበረው 7 ደረሰ። አስሉት፤ 7 በ60 ብር 420 ብር ነው። ደህናው 4 በ115 ብር 460 ብር ነው። በቀን 40 ብር ለማትረፍ ብዬ በየቀኑ አንሶላና ብርድ ልብስ አሳጠብኩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ውሃ በሌለበት ቀን የራሰው አንሶላ በረንዳ ላይ በባልዲ ይቀመጣል፤ ጎረቤት ሲያልፍ እናቴ ትሸማቀቃለች።

አንድ ቀን ነገሩን ማየት አለብኝ ብዬ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ይዤ ማድቤት ገባሁ። ከታሸገውም ከመርካቶውም አንዳንድ ዘረጋሁ። በእያንዳንዳቸው ላይ የሃይላንዱን ግማሽ አፈሰስኩ። አንድ ደቂቃ ቆይቼ ሶፍት አስቀምጬ በመዳፌ ተጫንኩ። የታሸገው ላይ ያለው ሶፍት ትንሽ ወዛ እንጂ አልራሰም። የመርካቶው ላይ ሶፍቱ እጄ ላይ ተበጣጠሰ፤ ውሃው በጎን ወርዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሁለቱንም በመቀስ ቀደድኳቸው። በመጀመሪያው ውስጥ እንደ ስኳር ያለ ነጭ ፍሬ ነበር፤ ውሃውን ጠጥቶ እንደ ጄሊ አብጧል። በሁለተኛው ውስጥ ጥጥና ወረቀት ብቻ። ዳይፐር ሽንት የሚይዘው በዚያች ፍሬ ነው። እሷ ከሌለች የያዛችሁት የተለበሰ ጨርቅ ነው። በጅምላ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ገዝታችሁ ይህን ሞክሩ። 60 ብር አጥታችሁ 2,400 ብር ታተርፋላችሁ።

ደህናው ዳይፐርስ?

ደህናው ይሠራል። ከደህናው ጋር ጠብ የለኝም። ባለ ማጣበቂያው ለተኛ ሰው ይመቻል፤ ሳያስነሱ መቀየር ይቻላል። እንደ ሱሪ የሚለበሰው ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው፤ ዋጋው ግን በፍሬ ከ20 እስከ 30 ብር ጨመረብኝ። ሰገራም ለማይቆጣጠር ሰው ከዳይፐር ሌላ የማውቀው አማራጭ የለም፣ በዚህ ላይ አልከራከርም። ለሴቶችም እኔ እስካሁን ከዳይፐር የተሻለ አላገኘሁም፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ችግሩ ቆዳ ነው። የአባባ ብሽሽት በሦስተኛው ሳምንት እንደተቃጠለ ቀላ። ሽንት ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ዳይፐሩ ምንም ቢመጥ እርጥበትና ሙቀት ይኖራል። ቶሎ ቶሎ መቀየር አለባችሁ፤ ቶሎ መቀየር ደግሞ ብር ነው። ሁለተኛው ቆሻሻው ነው። የሽንት ዳይፐር ይከብዳል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ እስኪመጡ ድረስ ማዳበሪያው ሞልቶ ይሸታል። ሦስተኛው የአባባ ፊት ነው። ስንቀይርላቸው ወደ ግድግዳው ዞረው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቀን እንኳ "አልፈልግም" አላሉኝም። ዝም ነው የሚሉት።

ከስዊድን የመጣው ምክር

የአክስቴ ልጅ ስዊድን ነው የሚኖረው። ትርፍ ጊዜውን ሐይቅና ባሕር ውስጥ የአየር ጋን ተሸክሞ በስኩባ ይጠልቃል። ስለ አባባ ስነግረው እሱም ያንኑ ችግር እንደሚያውቀው ነገረኝ፤ መጀመሪያ አልገባኝም።

እዚያ ውሃው በጣም ስለሚቀዘቅዝ የሚለብሱት ድራይ ሱት የሚባለውን ነው። ከአንገት እስከ እግር ጥፍር ውሃ የማያስገባ ልብስ፣ ከስሩ ሙቀት የሚይዝ ወፍራም የውስጥ ልብስ። አንዴ ዚፑ ከተዘጋ ወጥቶ እስኪፈታ ድረስ ሽንት ቤት የለም። በሞቃት ባሕር ስስ ልብስ የለበሰ ጠላቂ ውሃ ውስጥ ይለቀዋል፤ የባሕሩ ውሃ ራሱ ያጥበዋል። በድራይ ሱት ግን የተለቀቀው ሽንት እዚያው ልብሱ ውስጥ ይቀራል፣ የውስጡን ልብስ አርሶ ሰውየውን ያንቀጠቅጠዋል። የሚያስቸግረው ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ሽንት ይበልጥ መምጣቱ ነው። የውሃው ግፊትና ቅዝቃዜው ከእጅና ከእግር ደሙን ወደ ደረት ይሰበስበዋል። ሰውነት ፈሳሽ በዛ ብሎ ያስባል፤ ኩላሊት ያንን ለመቀነስ ሽንት ያበዛል። በሐምሌ ብርድ ጠዋት አባባ ለምን እንደሚመላለሱ ያኔ ነው በከፊል የገባኝ። ብርድም ለብቻው ሽንት ያበዛል።

"መጀመሪያ ምን አደረግህ?" አልኩት። "ውሃ መጠጣት አቆምኩ" አለኝ። ልክ እንደ አባባ። አሠልጣኙ ተቆጣው። ከጥልቀት የሚወጣ ሰው ደሙ ውስጥ የናይትሮጅን አረፋ እንዳይፈጠር ይጠነቀቃል፤ የሰውነት ድርቀት ደግሞ ያንን አደጋ ከሚያብሱት ነገሮች አንዱ ነው ተብለው ይማራሉ። ስለዚህ ውሃ መጠጣት ግዴታ ሆነ። ቀጥሎ ዳይፐር ሞከረ። ለአጭር ጥምቀት ይሆናል፣ አንድ ሰዓት ሲያልፍ ግን ይሞላል፣ ሲቀመጥበት ይጨመቃል። በመጨረሻ የደረሰው ኮንዶም ካቴተር ላይ ነው። ከካቴተሩ ቱቦ ይወጣል፣ ቱቦው ልብሱ ጭን ላይ ከተገጠመ ፒ ቫልቭ ከሚባል ክፍተት ጋር ይገናኛል፣ ሽንቱ በዚያ ወደ ውሃው ይወጣል። የሱ ቫልቭ ብቻውን ከ100 ዩሮ በላይ ነው የፈጀው። ርካሹ ዓይነት ግፊቱን አያመጣጥንም፤ ጥልቀት ሲገቡ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይጨመቅና ብልትን እየሳበ ያሳምማል። እሱ ግፊት የሚያመጣጥነውን ገዛ።

እኛ ፒ ቫልቭ አያስፈልገንም። እኛ ጋ በቫልቩ ቦታ ከረጢት አለ። የቀረው ግን አንድ ነው፤ ያው ካቴተር፣ ያው ቱቦ፣ ያው ስህተት። "ሦስት ነገር ያበላሸዋል" አለኝ። "ልኩ፣ የቱቦው መታጠፍ፣ ቅባት።" ሦስቱንም ተራ በተራ ሠራኋቸው።

ልክ

ጥቁር አንበሳ አካባቢና ተክለ ሃይማኖት ያሉትን የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ዞርኩ። ኮንዶም ካቴተር አለ። ከአምስት ሱቅ በሦስቱ አገኘሁ። "የትኛውን ልክ?" ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም። የመጀመሪያው ሱቅ ዝም ብሎ ትልቁን ሰጠኝ። 35 ሚሊሜትር። ዋጋው 85 ብር፣ አሥር ገዛሁ፣ 850 ብር። በመጀመሪያው ሌሊት ወልቆ አልጋው ላይ ተገኘ። በሁለተኛውም። "ይህ ነገር አይሠራም" ብዬ ልጥለው ነበር።

የአክስቴ ልጅ "ለካህ?" አለኝ። አልለካሁም። ወንድ ሁሉ ሳይለካ ትልቁን ይወስዳል አለኝ፤ ጠላቂዎቹም እንደዚያ እያደረጉ ነው ውሃ ውስጥ የሚወልቅባቸው።

አለካኩ ቀላል ነው። ክር ውሰዱ። የብልቱ መካከል ላይ ሳታጠብቁ አንዴ አዙሩ፣ የተገናኘበትን ቦታ ያዙ፣ ክሩን ማስመሪያ ላይ ዘርጉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ልክ የዙሪያው ሳይሆን የወርዱ ነውና ያገኛችሁትን ለ3.14 አካፍሉ። የአባባ 9.5 ሳንቲሜትር መጣ። ሲካፈል 30 ሚሊሜትር ከትንሽ ነው። 30 ነበር መግዛት የነበረብኝ። የዚያች የአንድ ሜትር ክር ዋጋ 850 ብር ሆነብኝ። ለአባባ ክሩን ሰጥቼ እንዴት እንደሚዞር በጣቴ አሳየኋቸውና ጀርባዬን አዞርኩ። በግራ እጃቸው ራሳቸው ለኩት። እኔ ማስመሪያውን ብቻ ያዝኩ።

30 ሚሊሜትሩን ከሌላ ሱቅ ገዛሁ፣ በ70 ብር። ከ85ቱ በመርከሱ ደስ አለኝ። ሲከፈት ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፣ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሲዘረጋ ተቀደደ። ካርቶኑን አገላበጥኩት። የማብቂያ ቀኑ በተለጣፊ ወረቀት ነው የተጻፈው። በጥፍሬ ጫፉን አነሳሁት። ከስሩ ሌላ ቀን አለ፣ ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ተለጣፊ ያለበትን ካርቶን ሱቁ ውስጥ ቆሜ አሻሸዋለሁ። ቀኑ በራሱ በካርቶኑ ወይም በእያንዳንዱ ማሸጊያ ላይ ከታተመው ጋር ካልገጠመ አልገዛም። በሱቁ ፈቃድ አንዱን ከፍላችሁ ከፍታችሁ እዩት። ደህናው ላቴክስ ለስላሳ ነው፤ ሲስቡት ይዘረጋል፣ ሲለቁት ይመለሳል፣ ዱቄት አይረግፍም።

ላቴክስና ሲሊኮን የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ላቴክሱ እኔ የከፈልኩት ከ70 እስከ 85 ብር ነው፤ ብዙ ጊዜ ማጣበቂያ ስትሪፕ አብሮት ይመጣል። ሲሊኮኑ 210 ብር ነው፤ ማጣበቂያው ከውስጡ አለ፣ ግልጽ ስለሆነ ቆዳው ከውጭ ይታያል። ላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ሲሊኮኑን ነው መግዛት ያለበት፣ ምርጫ የለውም። እኛ በአዘቦት ላቴክሱን፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ሲሊኮኑን እንጠቀማለን። በሕዝብ መሀል መፍሰሱ ከ125 ብር ልዩነት ይበልጥብኛል።

አደራረጉ

ብልቱ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ቫዝሊን፣ ሎሽን፣ ቅባት አይነካውም። እናቴ "ቆዳው እንዳይላጥ" ብላ ቫዝሊን ስትቀባ ነበር፤ ለካ ሁለት ሳምንት ሲያንሸራትት የነበረው እሱ ነው። ቅባት ላቴክሱንም ያበላሸዋል። ፀጉሩ ማጣበቂያው ላይ እንዳይያዝ በመቀስ ያጥራል፤ በምላጭ አትላጩ፣ ቆዳው ይቆጣል። ጫፉ ላይ አንድ ሁለት ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይተዋል። ካጠለቁት በኋላ በመዳፍ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መያዝ ነው፤ ማጣበቂያው በሰውነት ሙቀት ይይዛል።

በተራ ፕላስተር ዙሪያውን አትጠምጥሙ። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ደም ያግዳል። ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ ሕመሙ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው ገልጣችሁ እዩ። ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ካመመ ወዲያው ይውለቅ። ከተራ ኮንዶም ጋር ቱቦ አስረው የሚሞክሩም አጋጥመውኛል፤ አታድርጉት፣ ለ85 ብር ነው።

በ24 ሰዓት አንዴ ይቀየራል። ሲወልቅ በሞቀ የሳሙና ውሃ እያራሱ ቀስ ብሎ ይጠቀለላል፣ አይጎተትም። ታጥቦ ሌላ ቀን አይደረግም።

ከረጢቱ ሌላ ገበያ ነው

ሰው ካቴተሩን ተጠንቅቆ ገዝቶ ከረጢቱ ላይ ይሸወዳል። "ዩሪን ባግ" በሉ፣ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት ሊትር የሚይዘው ነው በብዛት ያለው። ከስሩ መክፈቻ ያለው 130 ብር ነው፣ የሌለው 100 ብር። መክፈቻ የሌለውን ገዝቼ 30 ብር አተረፍኩ ብዬ ነበር። ሲሞላ የሚደፋው ቱቦውን ነቅሎ ነው። በነቀልን ቁጥር አልጋው ላይ ጠብ ይላል፣ ካቴተሩም አብሮ ይነቃነቃል። በሁለት ቀን ጣልኩት። ባለ መክፈቻውን ግዙ።

ሁለተኛው ነገር ሽንቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ነው። ቱቦው ከረጢቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለች ስስ ምላስ ናት። አስመስሎ የተሠራው ላይ የለችም፣ ወይም ተጣብቃለች። በርከት አድርጋችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ቤት ወስዳችሁ በቱቦው ውሃ ሙሉበት፣ ከዚያ ገልብጡት። በቱቦው ከተመለሰ አይሆንም። ያንኑ ውሃ እንደያዘ ሌሊቱን ባልዲ ላይ ስቀሉት። ጠዋት ባልዲው ከራሰ ስፌቱ ይፈሳል። እኔ ከአራት ዓይነት ሁለቱን በዚህ ጣልኩ።

ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን። አልጋው ላይ ከጎናቸው አታስቀምጡት፤ ከአልጋው ብረት ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ወለል አይንካ። ግማሹን ሲያልፍ ይደፋ። ቱቦው ከጭን ስር ከታጠፈ ሽንቱ መሄጃ አጥቶ ካቴተሩን ይገፈትረዋል። የስዊድኑም የሚወልቅበት በዚሁ ነው፤ ልብሱ ውስጥ ቱቦው ሲታጠፍ።

ለመውጫ የሚሆነው ጭን ላይ የሚታሰረው ትንሹ ከረጢት ነው። ከሱሪ ስር ይሄዳል፣ አይታይም። ከ500 እስከ 750 ሚሊሊትር ይይዛል። ዋጋው አስከፋኝ፣ 450 ብር፣ እሱም ሁለት ሱቅ ብቻ ነው ያገኘሁት። ማሰሪያው ቶሎ ይላላል። አሁን በሰፊ የውስጥ ሱሪ ላስቲክ እናቴ ሰፍታ ተክታዋለች፤ ግን አታጥብቁ።

የፕላስቲክ መቀበያው

በእጅ ተይዞ የሚሸናበት ዕቃ ነው፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ቀን ቤት ውስጥ ለሚውል፣ ሽንቱ ሲመጣ ለሚታወቀው ሰው ከሁሉም ቀላሉ ነው። 350 ብር፣ አንዴ ተገዝቶ አለቀ። ክዳን ያለውን፣ ስሩ ሰፋ ያለውን ምረጡ። ስሱ ፕላስቲክ ግማሽ ሲሞላ ይወድቃል። እጀታውን እዩ፤ አባባ የሚይዙት በግራ እጃቸው ነው፣ የመጀመሪያው የገዛነው ክዳኑ በዚያ በኩል እየተገጨ አስቸገራቸው። አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ አትጠቀሙ፣ ጠርዙ ቆዳ ይቆርጣል።

ጠቅላላ ብሩ

አባባ ቀን ቤት ሲሆኑ መቀበያውን ይጠቀማሉ፣ ቆዳቸውም አየር ያገኛል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ካቴተሩ ይደረጋል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ይወልቃል። በወር 24 ላቴክስ በ85 ብር፣ 2,040 ብር። 6 ሲሊኮን በ210 ብር፣ 1,260 ብር። 5 ከረጢት በ130 ብር፣ 650 ብር። ለመጠባበቂያ አንድ እሽግ ዳይፐር፣ 1,150 ብር። ድምሩ 5,100 ብር ነው። ዳይፐር ብቻ ብንል 13,800 ብር ነበር።

ባልደረባዬ ይህን ስነግራት "ቀን መቀበያ፣ ሌሊት ዳይፐር ብናደርገውስ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌሊት 2 ዳይፐር ቢበቃ በወር 6,900 ብር ይሆናል። ከእኛው 1,800 ብር ይበልጣል፣ የእሁዱና የለቅሶው ችግርም እንዳለ ይቀራል። አባቷ ካቴተሩን አልፈልግም ካሉ ግን እኔም የምመርጥላት ይህንኑ ነው።

የጠቀስኳቸው ዋጋዎች እኔ በቅርቡ የከፈልኳቸው ናቸው። ከሱቅ ሱቅ ይለያያሉ። አንዱን ካቴተር በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ በ70፣ በ85 እና በ120 ብር ጠርተውልኛል። መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲ ጠይቁ፣ ከሌለ ወደ ተክለ ሃይማኖት ውረዱ። ስትደውሉ "አለ?" ብቻ አትበሉ፤ "30 ሚሊሜትር አለ?" በሉ።

ለሴቶች የገባሁትን ቃል። ሴት ጠላቂዎች ድራይ ሱት ውስጥ ሺ-ፒ የሚባል በማጣበቂያ የሚያያዝ ዕቃ እንደሚጠቀሙ የአክስቴ ልጅ ነግሮኛል። ተክለ ሃይማኖት ጠይቄ የሚያውቀው አላገኘሁም። ለታመመች አክስታችን ቀን ቤድፓን (አልጋ ላይ እንዳሉ የሚሸናበት ዕቃ)፣ ሌሊት ደህና ዳይፐር ነው የምንገዛላት፤ ፍራሹ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ወፍራም ፎጣ።

አባባ ባለፈው እሁድ ከመውጣታችን በፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ብርጭቆውን ለእናቴ መልሰው ከዘራቸውን ጠየቁ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ተቀምጠው ቆዩ፣ ከዚያ ደጀ ሰላሙ ላይ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሲያወሩ እኔ ነኝ "እንሂድ" ያልኩት።

የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል። ምን ላምጣ ሲለኝ የጭን ከረጢት ማሰሪያ አሥር አምጣ ብዬዋለሁ። ሌላ አያስፈልግም፣ ሌላው ሁሉ እዚሁ ይገኛል።